ዝም ባለ ሞተር ውስጥ የተቃጠለ ቫልቭ፦ የሶሊድና የሃይድሮሊክ ታፔት ጉዳይ

መነሻ

አንድ ወዳጄ ደወለና "ፑንቴሪያውን (የቫልቭ ክፍተቱን) አስተካከልኩት፣ ሞተሩ ዝም አለልኝ፣ ግን ጉልበቱ ጠፋ" አለኝ። በሽታውም ምክንያቱም እዚችው አባባል ውስጥ ነበሩ። እኔ ግን ያን ዕለት አልሰማሁትም። "እስኪ ካርቡሬተሩን እይ" ብዬው ስልኩን ዘጋሁ።

አሮጌ መኪና የሚነካካ ሰው ይዋል ይደር እንጂ ይህ ነገር ስለሚገጥመው ጉዳዩን ከነስህተታችን ልጻፈው። የሰዎቹን ስም ትቼዋለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መኪናውና ሞተሩ

መኪናው የ1953 ሼቭሮሌት ነው፣ ፓወርግላይድ የሚባለው አውቶማቲክ ማርሽ ያለው። ሞተሩ 235 ኪዩቢክ ኢንች ሲሆን ስድስቱ ሲሊንደሮች በአንድ መስመር ተደርድረዋል። ካምሻፍቱ (ጉብታ ያለው የሚዞር ዘንግ) ብሎኩ ውስጥ፣ ቫልቮቹ (አየር የሚያስገቡና ጭስ የሚያስወጡ በሮች) ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ ናቸው። ካምሻፍቱ ታፔቱን ይገፋል፣ ታፔቱ ፑሽሮዱን (ረጅም ቀጭን ዘንግ)፣ ፑሽሮዱ ሮከር አርሙን (እንደ ሚዛን የሚወዛወዝ ክንድ)፣ ሮከሩ ደግሞ ቫልቩን። ይኸው ነገር አስራ ሁለት ቦታ ይደጋገማል።

በ1953 ፋብሪካው ይህን 235 በሁለት ዓይነት ነበር የሚያወጣው። አውቶማቲክ ማርሽ ላለው መኪና ሃይድሮሊክ ታፔት ያለው፣ 115 የፈረስ ጉልበት። በእጅ ማርሽ ለሚነዳው ደግሞ ሶሊድ ታፔት ያለው፣ 108 የፈረስ ጉልበት። ልዩነቱ ታፔት ላይ ብቻ አይቆምም። የአውቶማቲኩ ሞተር ቢዬላዎቹን (ፒስተኖቹን የሚይዙ ክንዶች) በሙሉ የዘይት ግፊት ሲያለሰልስ፣ የማንዋሉ ገና በድሮው ስልት ከካርተሩ (ከሥር ካለው የዘይት መያዣ) ዘይት እየጨለፈ ይረጭ ነበር። በ1954 ማንዋሉም ሙሉ ግፊት አገኘ፤ ታፔቱ ግን ሶሊድ እንደሆነ ቀጠለ። ከውጭ ለሚያየው ሰው ሁሉም "235" ነው። ክዳኑን ሳይከፍት አይለያቸውም።

ወዳጄ መኪናውን ሲገዛ ከመኪናው ጋር የጥገና መጽሐፍ አገኘ። መጽሐፉን ከፈተ፣ "አውቶማቲክ ማርሽ፦ ሃይድሮሊክ ታፔት" የሚለውን አነበበ፣ ዘጋው። ከዚያ በኋላ ያደረገው ሁሉ ከዚች መስመር የመጣ ነው።

ሁለቱ ታፔቶች ምንድን ናቸው?

የሚያውቅ ሰው ይህን ክፍል ይዝለለው።

ሶሊድ ታፔት አንድ ወጥ ብረት ነው። ካምሻፍቱ ከፍ ሲያደርገው ይነሳል፣ ሲለቀው ይወርዳል፣ አለቀ። ችግሩ ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። በተለይ የጭስ ማስወጫው ቫልቭ እንደ ፍም ስለሚግል ጥሩ አድርጎ ይረዝማል። ስለዚህ በሮከሩና በቫልቩ ጫፍ መካከል ትንሽ ክፍተት ይተዋል። ክፍተቱ እንደየሞተሩ ይለያያል። ብዙዎቹ የፎልክስዋገን ቢትል ሞተሮች 0.15 ሚሊሜትር ይላሉ፣ ኤምጂቢ 0.38 ይላል፣ በ1964 ኮርቬት ላይ የወጣውና "ሰላሳ ሰላሳ" የሚባለው ካምሻፍት ደግሞ 0.76 ይፈልጋል። ጠቅ ጠቅ የምትለው ያቺ ክፍተት ናት። ሶሊድ ታፔት ያለው ሞተር ትንሽ ድምፅ ቢያሰማ ጤናው ነው።

ሃይድሮሊክ ታፔት ሆዱ ባዶ ነው። ውስጡ ትንሽ ፕላንጀር፣ ስፕሪንግና ዘይቱን ወደ ኋላ የማያስመልስ ኳስ አለው። የሞተሩ ዘይት ይገባና ክፍተቱን ይሞላል፣ ቫልቩ ሲረዝም ትርፉ ዘይት ቀስ ብሎ ያመልጣል። ክፍተት የለም፣ ድምፅ የለም፣ በየጊዜው መለካትም የለም። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ የ1930ው ባለ 16 ሲሊንደር ካዲላክ ቫልቮቹን በዘይት ግፊት ጸጥ ያደርግ ነበር፣ ሊንከን ዜፊር በ1938 ሃይድሮሊክ ታፔት ገጠመ፣ በ1949 ደግሞ የካዲላክና የኦልድስሞቢል አዲሶቹ ቪ8 ሞተሮች ይዘውት መጡ።

በነገራችን ላይ የፎርድ ሞዴል ቲ ማስተካከያ የሚባል ነገር ጭራሽ አልነበረውም። በ1932 የወጣው የፎርድ ቪ8ም ክፍተቱ የሚስተካከለው የቫልቩን ጭራ በመሞረድ ነበር። ዛሬ ብሎን ማዞር የሚሰለቸን ሰዎች ይህን ብናስታውስ ጥሩ ነው።

ጥፋቱ እንዴት መጣ?

ሞተሩ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ጠቅ ጠቅ ይል ነበር። ወዳጄ ደግሞ ሃይድሮሊክ ታፔት ድምፅ ማሰማት እንደሌለበት ያውቃል፤ እውነቱን ነው። "ታፔቱ በቆሻሻ ተይዟል" ብሎ ደመደመ። መጀመሪያ ዘይት ቀየረ። ድምፁ አለ። ቀጥሎ ታፔት ያጸዳል የተባለ ፈሳሽ ዘይቱ ላይ ጨመረ። ድምፁ አለ። ሦስተኛ ወፈር ያለ ዘይት ሞላ፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ትንሽ ረገብ አለ፣ ሲሞቅ ተመለሰ። እዚህ ላይ ሞተሩ ሦስት ጊዜ "እኔ ሃይድሮሊክ አይደለሁም" ብሎታል። መጽሐፉ ግን ሃይድሮሊክ ነህ ይላል፤ እሱም መጽሐፉን አመነ።

አራተኛው ሙከራ የቫልቭ ክዳኑን ከፍቶ በሃይድሮሊክ ደንብ ማስተካከል ሆነ። ደንቡ እንዲህ ነው፦ ፑሽሮዱን በሁለት ጣት እያሽከረከርክ የሮከሩን ማስተካከያ ብሎን ታጠብቃለህ፣ ፑሽሮዱ መያዝ ሲጀምር ክፍተቱ ዜሮ ደርሷል፣ ከዚያ ላይ አንድ ዙር ትጨምራለህ። ሃይድሮሊክ ከሆነ ያ አንድ ዙር ፕላንጀሩን ወደ ሆዱ ገፋ አድርጎ መሃል ላይ ያስቀምጠዋል።

ሶሊድ ከሆነስ? የሚገባበት ሆድ የለውም። የብሎኑ አንድ ዙር 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ሮከሩ ደግሞ አንድ ተኩል እጥፍ ስለሚያበዛው ቫልቩ 1.5 ሚሊሜትር ያህል ተከፍቶ ይቀራል። አስራ ሁለቱም ቫልቮች፣ ሁልጊዜ።

ሞተሩ በእርግጥ አልተነሳም። ሞተሪኖው (ማስነሻው) ያለ ምንም ድካም ዞረ፣ ያ "እህ እህ" የሚለው የመጨመቅ ድምፅ ጠፍቶ ዝም ብሎ "ዥዥዥ" አለ። ወዳጄ ያችን አንድ ዙር መልሶ ፈታና ዜሮ ላይ ተዋት። አሁን ተነሳ። ደግሞ ምን የመሰለ ጸጥታ! ቪዲዮ ቀርጾ ላከልኝ። እኔም "ጎበዝ" ብዬ መለስኩለት። ይህችን መልእክት ዛሬም ሳያት አፍራለሁ።

ዜሮ ክፍተት ያለው ሶሊድ ታፔት ሲቀዘቅዝ ይሰራል፤ ሲሞቅ ቫልቩ ይረዝምና ከመቀመጫው ለጥቂት ነጥብ ሚሊሜትር ብድግ ይላል። የጭስ ማስወጫ ቫልቭ ሙቀቱን በአብዛኛው የሚያስተላልፈው መቀመጫው ላይ በደንብ ሲያርፍ ነው። ካላረፈ ሙቀቱ መሄጃ ያጣል። በዚያ ላይ በቀጭኗ ስንጥቅ እሳት እንደ መበየጃ ነበልባል እየተወረወረ ይወጣል። ሁለት ሳምንት በቂ ነበር። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ዳገት ላይ ደከመ፣ ማርሚታው ፑፍ ፑፍ ማለት አመጣ።

ምርመራ

እኔ ስደርስ ካርቡሬተሩ ተፈቶ ተጠርጎ ተገጥሟል፣ ካንዴላ (ብልጭታ ሰጪው) ተቀይሯል፣ ዲስትሪቢዩተሩም ተነካክቷል። በኔ ምክር የጠፋ ጊዜ ነው።

ሞተሩን አሙቀን ኮምፕሬሽን (የእያንዳንዱን ሲሊንደር የመጨመቅ ግፊት) ለካን። አምስቱ ሲሊንደሮች 95 እና 105 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) መካከል ወጡ፣ አራተኛው 45። ትንሽ ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ አንጠባጥበን አራተኛውን ደግመን ለካን፤ አልተንቀሳቀሰም። ችግሩ የፒስተን ፋሻ ቢሆን ኖሮ ዘይቱ ቀዳዳውን ደፍኖ ቁጥሩን ከፍ ያደርገው ነበር። ቀጥሎ ፒስተኑን በመጨመቂያው ጫፍ አቁመን በካንዴላው ቀዳዳ አየር ሰደድንበት። ከመኪናው ኋላ፣ ከማርሚታው ጭራ "ሽሽሽ" የሚል ድምፅ መጣ። የጭስ ቫልቭ ነው።

"ታፔቱ ምን ዓይነት ነው?" አልኩት።

"ሃይድሮሊክ።"

"አይተኸዋል?"

"መጽሐፉ ላይ አለ አልኩህ እኮ።"

በካንዴላዎቹ በኩል ያለውን የጎን ክዳን ፈታን። ሃይድሮሊክ ታፔት ከላይ ስታየው አፉ ዙሪያ ፕላንጀሩን የሚይዝ ቀጭን የሽቦ ቀለበት አለው። እዚህ ቀለበት የለም። ባዶ ኩባያ የመሰለ ወጥ ብረት፣ ታችኛው ላይ ፑሽሮዱ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ፣ በቃ። አስራ ሁለቱም እንደዚያ። ወዳጄ በባትሪ መብራት አንድ በአንድ አያቸውና ምንም ሳይናገር መብራቱን አጠፋ።

ከዚያ ዲስትሪቢዩተሩ አጠገብ የተመታውን የሞተር ቁጥር አጸዳንና አየን። ከመኪናው ወረቀት ጋር አይገናኝም። ከኛ በፊት የነበረ ሰው፣ መቼ እንደሆነ እንጃ፣ ሞተሩን አውጥቶ ከሌላ መኪና የመጣ ሶሊድ ታፔት ያለው 235 አስገብቷል። መጽሐፉ ስለ መኪናው ትክክል ነበር። ሞተሩ ነው ሌላ።

የሞከርነውና ያልሰራው

መጀመሪያ ክፍተቱን በሶሊድ ታፔት ደንብ አስተካከልን፤ ሞተሩ ሞቆ፣ እያንዳንዱ ሲሊንደር በመጨመቂያው ጫፍ ላይ ቆሞ፣ ለማስገቢያው ጠበብ፣ ለማስወጫው ሰፋ ያለ ክፍተት። እንደገና ኮምፕሬሽን ለካን። ይህችን እርምጃ በተለይ እወዳታለሁ። አምስቱ ሲሊንደሮች 120 አልፈው ወጡ። አራተኛው 55 ላይ ቀረ። ማለትም አምስቱ ታፍነው ነበር እንጂ አልተቃጠሉም፤ አራተኛው ግን ተቃጥሏል። ቴስታታ ሳይወርድ ይህን ያህል መለየት ከተቻለ ፊለር ጌጅ (ክፍተት መለኪያው ስስ ብረት) ርካሽ ዕቃ ነው ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ የኔ ሁለተኛ ስህተት ይመጣል። ቴስታታ ማውረድ ሰነፍኩ። "ምናልባት ካርቦን ይሆናል፣ ትንሽ ቢነዳ ራሱ ይቀመጥ ይሆናል" አልኩ። ለሦስት ቀን ተነዳ። ሲለካ 50። የተቃጠለ ቫልቭ ራሱን አያክምም።

ወዳጄ ደግሞ ሌላ ሐሳብ አመጣ፦ "እንግዲያው ሃይድሮሊክ ታፔት ልግዛና ልግጠምበት፣ መኪናው መጀመሪያውኑ እንደዚያ ነበር።" ሲሰሙት ያሳምናል። ግን ታፔት ብቻውን አይቀየርም። የሶሊድ ካምሻፍት ክፍተቱን ቀስ ብሎ የሚወጣበት ረዘም ያለ ዝግታ መወጣጫ አለው፤ ሮከሩ ቫልቩን እንደ መዶሻ እንዳይመታው፣ ገፋ አድርጎ እንዲጀምር። ሃይድሮሊክ ታፔት ደግሞ ክፍተት ስለሌለው ያንን መወጣጫ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይከተለዋል። ቫልቩ ቀድሞ ይከፈታል፣ ዘግይቶ ይዘጋል፣ ሚኒሞው ይበላሻል። በተገላቢጦሹ ሶሊድ ታፔት በሃይድሮሊክ ካምሻፍት ላይ ብታደርግ መወጣጫው አጭር ስለሆነ ቫልቩ መቀመጫውን ይቀጠቅጣል። የፑሽሮዱ ርዝመትም ይለያል፣ ወደ ታፔቱ የሚሄድ የዘይት መስመርም ያስፈልጋል።

ግምት ይብቃ ብለን ዳያል ኢንዲኬተር (ጥቃቅን እንቅስቃሴ በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) ፑሽሮዱ ላይ አስቀመጥንና ሞተሩን በእጅ ቀስ እያልን አዞርነው። መርፌው ከመሮጡ በፊት ለረጅም ጊዜ እንደ ቀንድ አውጣ ሲሳብ አየን። ካምሻፍቱ የሶሊድ ነው። ያ ሐሳብ እዚያው ቀረ።

የሰራው

ቴስታታው ወረደ። የአራተኛው ጭስ ቫልቭ ጠርዙ ላይ አንድ ቦታ አይጥ የበላው ይመስል ተቦርቡሯል። አዲስ ቫልቭ፣ መቀመጫው ተሞርዶ ተስተካከለ፣ የቀሩት የጭስ ቫልቮች በማለስለሻ ተፈጩ። ታፔቶቹን ስናወጣ ካርቶን ላይ አስራ ሁለት ቀዳዳ በስተን በተራ ሰካናቸው፤ እያንዳንዱ ታፔት ከራሱ የካም ጉብታ ጋር ተላምዶ ስለሚያልቅ ቦታ ማቀያየር ሁለቱንም ያበላሻል። የታችኛ ገጻቸውንም አየን፤ ጎድጉዶ የተበላ አልነበረም።

ጓርኒሲዮን (የቴስታታውን ማሸጊያ) ገጠምን፣ አጠበቅን፣ ክፍተት አስተካከልን፣ ሞቀ፣ እንደገና አጠበቅን፣ እንደገና ክፍተት ለካን። ድጋሚው ለጌጥ አይደለም። ቴስታታው ሲጠብቅ ዝቅ ስለሚል የለካኸው ክፍተት ይቀየራል።

አስራ አንዱ ቫልቮች ለስለስ ያለ ወጥ ድምፅ ሲሰጡ አንዱ፣ ሁለተኛው ሲሊንደር ላይ ያለው፣ ከፍ ብሎ ያንኳኳል። ሦስት ጊዜ ለካሁት። ፊለሩ ልክ ነው ይላል፣ ጆሮዬ አይደለም ይላል። ሮከሩን አንስቼ ጫፉን በጥፍሬ ዳሰስኩት፤ ጥፍሬ ጎድጓዳ ውስጥ ገባ። ሮከሩ ከዘመናት ምቱ ብዛት ጫፉ ላይ የቫልቩን ጭራ የሚያህል ጉድጓድ ሰርቷል። ጠፍጣፋው ፊለር በጉድጓዱ ላይ እንደ ድልድይ ይጋደማል፣ ከሥሩ ያለውን ባዶ ቦታ አያየውም። በዳያል ኢንዲኬተር ስንለካው እውነተኛው ክፍተት ፊለሩ ካለው 0.2 ሚሊሜትር ያህል ይበልጥ ነበር። የሮከሩ ጫፍ ተሞርዶ ቅርጹን ሲያገኝ ድምፁ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቀለ።

በመጨረሻ ክዳኑን ሳንገጥም ሞተሩን በሚኒሞ አስነስተን ፑሽሮዶቹን አየናቸው። ሁሉም ቀስ እያሉ በራሳቸው ዙሪያ ይሽከረከራሉ። ደግ ነው። የእነዚህ ታፔቶች ሥር ሙሉ በሙሉ ጠፍጣፋ አይደለም፣ የካሙ ጉብታም በጣም በትንሹ ያዘመመ ነው፤ ታፔቱ እንዲዞርና አንድ ቦታ ብቻ እንዳይበላ ተብሎ። የማይዞር ፑሽሮድ ካየህ ሥሩ ያለው ካም እየተበላ ነው ብለህ ጠርጥር። ለዚሁ ሲባል ዘይቱም ዚንክና ፎስፈረስ በበቂ ያለው መሆን አለበት። ይህ ለሶሊዱም ለሃይድሮሊኩም ነው።

የመጨረሻ ልኬት፦ ስድስቱም ከ120 በላይ። ሞተሩ ጠቅ ጠቅ ይላል። ወዳጄ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ከፋው።

ለሌላ መኪና የሚሆነው

ብሎን ከመንካትህ በፊት ታፔቱን በዓይንህ እይ። ከሃምሳና ስልሳ ዓመት በላይ የኖረ መኪና ውስጥ ያለው ሞተር የፋብሪካው ነው ብለህ አትነሳ። የጎን ክዳን መፍታት ካልፈለግክ የሮከሩን የፑሽሮድ በኩል በመፍቻ እጀታ ጠንከር አድርገህ ለጥቂት ሰከንድ ተጫነው። ሃይድሮሊክ ቀስ እያለ ይሰምጣል፤ ሶሊድ ክፍተቱን ከጨረሰ በኋላ ድንጋይ ነው።

ድምፁንም ለይተህ ስማ። ሃይድሮሊክ ጠዋት ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ አንኳኩቶ ዘይት ሲሞላ ዝም ካለ ጤነኛ ነው፤ ሞቆም የሚያንኳኳ ከሆነ ነው የተያዘ ወይም ያለቀ። ሶሊድ ሁልጊዜ ትንሽ ይላል። ሶሊድ ሆኖ ጭራሽ ዝም ያለ ሞተር ካጋጠመህ በዚያው ቀን ክፍተቱን ለካ። በተለይ ድሮ ያንኳኳ የነበረ አሁን በራሱ ጸጥ ያለ ከሆነ፣ ቫልቩ መቀመጫው ውስጥ እየሰመጠ ክፍተቱን እየበላው ሊሆን ይችላል።

ጥርጣሬ ካለህ ወደ ሰፋው አድላ። የሰፋ ክፍተት ይጮሃል፣ ትንሽ ጉልበት ይወስዳል፣ ግን ለማረም ጊዜ ይሰጥሃል። የጠበበ ክፍተት አይጮህም።

የቱ ይሻላል ለሚለው፣ እኔ ራሴ ሶሊድ እመርጣለሁ፤ የሚጠይቀው በዓመት አንድ ከሰዓት ነው፣ ዘይት ውስጥ ቆሻሻ ቢገባም አይታነቅም። ክዳን መክፈት ለማይወድ ሰው ግን ሃይድሮሊኩ ይስማማዋል። ሁለቱን የሚያቀላቅል ሰው ነው የሚጎዳው።

ወዳጄ የሞተሩን ቁጥር፣ የታፔቱን ዓይነትና ሁለቱን ክፍተቶች ትንሽ ቆርቆሮ ላይ ቀርጾ ከኮፈኑ ሥር አሰራት። ከመጽሐፉ ውስጥ ያችን አንዷን መስመርም በእስክሪብቶ ሰርዟታል። መሰረዙ አልነበረበትም፤ መጽሐፉ ምን አጠፋ።